ስካርፉ እብጠቱን ይሸፍናል እንጂ አያድንም

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ሦስቴ አነበብኩት። ጸሐፊዋ «ስሜ ይቆየኝ» ስላለች ጉዳዩን ብቻ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«እኔ የ24 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ መኖሩን ካወቅሁ አራት ወር ሊሆነኝ ነው። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ዘጠኝ ሳምንት ሲሆነኝ አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ግራ አንገቴ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት ወጣችብኝ፤ አሁን ሎሚ አክላለች። ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል። በዚህ ሙቀት ስካርፍ ጠምጥሜ ነው ሥራ የምውለው። ጓደኛዬን ‹ቶንሲል ነው› ብያታለሁ። እናቴ ለበዓል ስሄድ አይታ ‹ንፍፊት ነው፣ አዋቂ ጋር ሄደሽ ታሽተሽ ተመለሺ› አለችኝ፤ ስለ ደሜ የምታውቀው ነገር የለም። እኔ ግን መድኃኒቱ እምቢ እንዳለኝ ገብቶኛል። ካልሠራልኝ ለምን እውጠዋለሁ? ላቁመው? እባክሽ መልሺልኝ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፤ መድኃኒቱን እንዳታቆሚ። ዛሬ ማታም በሰዓቱ ዋጪው። ከዚያ በኋላ እንነጋገር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩትም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። የማውቀው ከሚያውቁት ጠይቄና አንብቤ ነው። እናትሽ ንፍፊት ማለታቸው ልክ ነው። በሰውነታችን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንደ ፍሬ ያሉ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት በኩል ያሉት ሲያብጡ በእጅ ይዳሰሳሉ። ሥራቸው እንደ ዘበኛ ነው፤ የገባውን ጀርም ይዘው ይታገሉታል። እግርሽ ቢቆስል ብሽሽትሽ፣ ጥርስሽ ቢታመም ከአገጭሽ ሥር የሚያብጠው ለዚህ ነው።

ኤች አይ ቪም የሚራባው በእነዚሁ ዕጢዎች ውስጥ ስለሆነ ብዙ ሰው ገና በጊዜው ንፍፊት ያወጣል። በአንገትም በብብትም በግራም በቀኝም ትናንሽ ሆነው፣ ሳያምሙ፣ ከሦስት ወር በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ሐኪሞች ይህን ብቻውን ሲያዩት የሚመድቡት ከአራቱ የበሽታው ደረጃዎች በመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ብብታችሁን ዳስሳችሁ «አለቀልኝ» የምትሉ ሁሉ፣ አላለቀላችሁም። መድኃኒቱ በትክክል ሲወሰድ ብዙውን ጊዜ እያነሰ ይሄዳል።

የአንቺ ግን ለየት ይላል። አንድ ጎን ብቻ ነው፣ በፍጥነት አድጓል፣ የሌሊት ላብም አለው። እንዲህ ሲሆን በእኛ አገር መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዕጢ ቲቢ ነው። ቲቢ ሳንባ ብቻ የሚይዝ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ንፍፊትንም ይይዛል። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ አልፎ አልፎ የዕጢ ካንሰርም አለ። በዓይን አይተው ይህ ነው የሚሉት ነገር አይደለም።

«መድኃኒቱ እምቢ አለኝ» ያልሽውንም እንየው። መድኃኒት በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ ዓይነት እብጠት የሚወጣባቸው ሰዎች አሉ። ምክንያቱ ግራ ያጋባል፦ ሰውነት ተዳክሞ ሳለ ጀርሙ ውስጥ ተደብቆ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ መድኃኒቱ አቅም ሲሰጠው ሰውነት ነቅቶ ይታገለዋል፣ ያኔ ያብጣል። ስለዚህ እብጠቱ መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያንቺ ይኼ ይሁን አይሁን የሚለየው ግን ሐኪም ነው። ብታቆሚው ቫይረሱን ነው የምትረጂው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት መድኃኒት የምትወስጂበት ክሊኒክ ሂጂና ስካርፉን ፈተሽ አሳያቸው። ላቡን፣ ትኩሳትና ሳል ካለሽ፣ ከስተሽም እንደሆነ ሁሉንም ንገሪያቸው። በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ትንሽ ፈሳሽ ወስደው ይመረምራሉ፤ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ቲቢ ከሆነ ይድናል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ነው። መሃል ላይ ንፍፊቱ ትንሽ ቢያብጥ ተስፋ ቆርጠሽ እንዳታቋርጪ። የቲቢ መድኃኒት የሚያዝልሽ ሰው ሌላ ከሆነ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደምትወስጂ ስሙን ጠቅሰሽ ንገሪው። አንዳንዱ የቲቢ መድኃኒት የሌላውን ኃይል ስለሚቀንስ መጠኑን ማስተካከል ሊኖርባቸው ይችላል።

መታሸቱና መቆረጡ ግን ይቅርብሽ። ቲቢ ያለበት ንፍፊት ቢበጣ መግል እያፈሰሰ አልድን የሚል ቁስል ይሆናል። ጠበልም የምትሄጂ ከሆነ ሂጂ፤ መድኃኒቱንም ዋጪ።

ለእናትሽ ስለ ደምሽ መንገር ያለብሽ ልብሽ ሲፈቅድ ነው። ጓደኛሽንም በንፍፊቱ ምክንያት አትፍሪያት፤ የዕጢ ቲቢ በመቃቀፍም አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። ሳል ካለሽ ግን ሳንባሽም ይታይ፤ የሚተላለፈው የሳንባው ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በግቢያችን አንዲት ቆንጆ ልጅ ነበረች። ክረምት ከበጋ አንገቷን ጠቅልላ ነበር የምትወጣው፤ እኛ ልጆች «ባለ ስካርፏ» እንላት ነበር። አንድ ቀን ድንኳን ተተከለ። አንገቷ ላይ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ለማንም አላሳየችማ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። አልደረሰችበትም።

አንቺ ደርሰሽበታል። ዛሬ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም፤ አግብቶ ጤነኛ ልጅ ይወልዳል። በ24 ዓመትሽ ብዙ ነገር ይጠብቅሻል። በአንዲት ስካርፍ አትለውጪው።

ውጤቱን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።