ለልዑሉ ብቻ የተለቀሰ ለቅሶ

በብዕራቸው ካደሩ የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያት አንዷ አፍራ ቤን ናት። ለንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ አንትወርፕ ላይ ሰልላለች፤ ለለንደን መድረክ ተውኔት ጽፋለች። ከመሞቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1688 እ.ኤ.አ.፣ ያሳተመችው «ኦሩኖኮ» የተሰኘ ልብ ወለድ አንባቢን ያስለቅሳል። ለማን እንደሚያስለቅስ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኦሩኖኮ የኮሮማንቲን፣ የዛሬዋ ጋና ጠረፍ፣ ልዑል ነው። የሚያፈቅራት ኢሞይንዳ በጦር ሜዳ ለእሱ የተወረወረውን ፍላጻ ራሱ ተቀብሎ የሞተለት የጦር አዛዥ ልጅ ናት። አያቱ ንጉሡ መቶ ዓመት አልፎት ሳለ ልጅቱን እልፍኙ ያስገባታል። ፍቅረኞቹ ተደብቀው ሲገናኙ ይደረስባቸዋል፤ እሷ በባርነት ትሸጣለች፣ ለልዑሉ ሞታለች ይባላል። ቆይቶ አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ኦሩኖኮን ለግብዣ ጠርቶ ያስረዋል። ምርኮኛው እህል አልቀምስም ሲል ነፃ እለቅሃለሁ ብሎ ይምልለታል፤ ደቡብ አሜሪካ፣ ሱሪናም ሲደርሱ ይሸጠዋል።

አዛዡ ለልዑሉ እንግዳ አልነበረም። ኦሩኖኮ የጦር ምርኮኞቹን ሲሸጥ የኖረው ለእሱ ነው።

ቤን ይህን እንደ ዋዛ ታልፈዋለች። የሚያንገበግባት የባርነት መኖር ሳይሆን የንጉሥ ልጅ መሸጥ ነው። ለስቱዋርት ነገሥታት ታማኝ ነበረች፤ መጽሐፉ የወጣውም ከእነሱ አንዱ፣ ዳግማዊ ጄምስ፣ ዙፋኑን ባጣበት ዓመት ነው። ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ፣ ኦሩኖኮ ተሸጦም ልዑልነቱ ያስታውቃል፤ ባሮቹ ሲያዩት ይሰግዱለታል። መልኩን ስትስል እንኳ አፍንጫውን የሮማውያን ታደርገዋለች። ሱሪናም ላይ የሚመራው የባሮች አመፅ ሲከሽፍ ደግሞ ጥለውት የሄዱትን ለባርነት የተፈጠሩ ናቸው ታሰኘዋለች።

ይህን አመለካከቷን የሚያፈርስባት የገዛ የፍቅር ታሪኳ ነው። ጥንዶቹ ሱሪናም ላይ ተገናኝተው ይጋባሉ፤ ኢሞይንዳ ትፀንሳለች። የባሪያ ልጅ ግን የጌታው ንብረት ነው፤ የአባቱ ንጉሣዊ ደም አያድነውም። ኦሩኖኮን ለአመፅ የሚያስነሳው ይኸው ነው። ኢሞይንዳም ቀኗ የገፋ እርጉዝ ሆና ምክትል ገዥውን ባያምን፣ በታሪክም የነበረውን ሰው፣ በመርዝ ፍላጻ ታቆስለዋለች። ባያም ኦሩኖኮን በምሕረት ቃል አታሎ እጁን ካሰጠው በኋላ ያስገርፈዋል። ኦሩኖኮ በጠላቶቹ እጅ እንዳትወድቅ ሚስቱን ከነጽንሷ፣ በፈቃዷ፣ ይገድላታል፤ እሱም አካሉ እየተቆራረጠ ፒፓውን እያጨሰ ይሞታል።

ተራኪዋስ? ራሷን ቤን አድርጋ የምታቀርበው ይህች ሴት ቃል የተገባለት የነፃነቱ ቀጠሮ ሲራዘምበት ልቡ እንዳይሸፍት የሮማውያንን ገድል እየነገረች ታዘናጋዋለች። አመፁ ሲነሳ ፈርታ ትሸሻለች፤ ሲገረፍ በቦታው የለችም። ሐዘኗ እውነተኛ ቢሆንም የቆመችው ከባለ እርሻዎቹ ጎን ነው።

በ1695 ቶማስ ሳዘርን ታሪኩን ለመድረክ ሲያዘጋጅ ኢሞይንዳን ነጭ አደረጋት። በመጽሐፉ ቆዳዋ ላይ አበባና ወፍ የተነቀሰባት አፍሪካዊት ከመድረኩ ጠፋች። ተውኔቱን በ1788 ጆን ፌሪያር የባሪያ ንግድን ለመቃወም እንደገና ጻፈው። ለዚያ ዓላማ የሚበጀው ጠንካራው ክርክር ግን በቤን መጽሐፍ፣ በኢሞይንዳ እርግዝና ላይ፣ አንድ ክፍለ ዘመን ቀድሞ ተቀምጦ ነበር።