የረከቦቱ ቦታ
ቦሌ መንገድ ላይ በቤት ዕቃ መሸጫዎቹ ባለፍኩ ቁጥር በመስታወቱ አሻግሬ አያለሁ። የአብዛኛው ሰው ዓይን ሶፋው ላይ ያርፋል፤ እኔን የሚይዘኝ ግን በሶፋውና በግድግዳው መካከል የተተወው ባዶ ቦታ፣ ከጥግ ከቆመው መብራት የሚወጣው ለስላሳ ብርሃን ነው። እነዚያ ሳሎኖች ያማሩት ዕቃ ስላልታጨቀባቸው ነው። እኛ ሶፋውን ብቻ ገዝተን ጠባብ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ እንሰነቅረዋለን፤ ከቡፌው ጋር ተፋጥጦ፣ ቄጠማ ጎዝጉዞ ረከቦት ለማስቀመጥ እንኳ ቦታ ይጠፋል። መቼም ቡና የማይፈላበት ሳሎን ለእኔ ሳሎን አይደለም። ከመሸጫው ሊቀዳ የሚገባው አደራደሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ዋጋ አይጠየቅበትም። ስለዚህ ሶፋ ልትገዙ ስታስቡ አስቀድማችሁ ሜትር ያዙ፤ የረከቦቱን ቦታ ለክታችሁ ተዉና በቀረው ልክ ግዙ።