ሁለት ተራራ በአንድ ሐይቅ

በዚህ እትም ኒካራጓ ድረስ እንወስዳችኋለን። በኮሲቦልካ ሐይቅ መካከል የተቀመጠችው ደሴት ኦሜቴፔ ስሟ በናዋትል ቋንቋ «ሁለት ተራራ» ማለት ነው። አንደኛው፣ ኮንሴፕሲዮን፣ 1,610 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነው፤ ዛሬም አልበረደም። ሁለተኛው፣ ማዴራስ፣ ግን ተኝቷል፤ በአናቱ ሐይቅ፣ በጎኑ ቡና ይዞ። (የእኛ ቡና ያልደረሰበት የት አለ!)

ብዙ ገጽ የሰጠነው በደሴቲቱ ላይ ላለው ለአልታግራሲያ ወረዳ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት የተጠረቡ የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል። በኅዳር፣ በቅዱስ ዲዬጎ በዓል፣ ሕዝቡ ለምለም ቅጠል ተሸክሞ እንደ ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን ይጨፍራል። እኔን የማረከኝ ይኸው ነው። ዩኔስኮ ደሴቲቱን በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧታል፤ እሱን በአጭሩ አልፈነዋል። የጉንዳኑን ጭፈራ ሳታነቡ ግን መጽሔቱን እንዳታጥፉት።