ላም አለኝ በሰማይ፦ የመንግሥት ሠራተኛውና አንቀጽ 42

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ቢቸና ውስጥ አሥር ሠራተኞች ያሉት የሆቴል ባለቤት አለ እንበል። ሠራተኞቹ ነገ ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር ቢመሠርቱ ሊከለክላቸው ይችላልን? አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር እንዲቋቋም ፈቅዷል። ከሆቴሉ ማዶ የሚያስተምሩት የመንግሥት መምህራን ግን ሃምሳም ይሁኑ መቶ፣ በሕግ ስለ ደመወዛቸው የሚደራደርላቸው ማኅበር የላቸውም። ያው አዋጅ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋልና። ሞጣ ሆስፒታል ያለችው ነርስ ዕጣም ከዚህ አይለይም።

መንግሥት ከግል አሠሪው የሚጠይቀውን እርሱ ራሱ አሠሪ ሲሆን አይፈጽምም፤ የዚህ ጽሑፍ ክስ ይኸው ነው።

«ሕገ መንግሥቱስ?» የሚል አይጠፋም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት፣ ሥራ እስከ ማቆም የሚደርስ ቅሬታ የማሰማት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ወረድ ብሎ ግን እነማን እንደሆኑ «በሕግ ይወሰናል» ይላል። አዋጅ 515/1999 ወጣ፤ አልወሰነም። አዋጅ 1064/2010 ተተካ፤ እርሱም አልወሰነም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ አይደለምን?

የመንግሥት ሠራተኛው ከሥራ ቢባረር አቤት የሚለው ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው፤ ይህም የተዋቀረው በዚያው በአስፈጻሚው አካል ሥር ነው። ሕጉን ያረቀቀው፣ ቀጥሮ ያባረረውና የመጀመሪያውን ዳኝነት የሚሰጠው በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። የደመወዝ ቅነሳንም እንመልከት። ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ሕግ ድንጋጌ ደመወዝ እንደማይቆረጥ ተጽፏል። እኔ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝ፤ ባልፈረምሁበት መዋጮ ደመወዜ ሲቆረጥ ግን አይቻለሁ። ምክንያቱን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «በስብሰባ በአንድ ድምፅ ተወስኗል» የሚል ነበር። ጭብጨባ ከመቼ ወዲህ ነው የጽሑፍ ስምምነት የሆነው?

ለመደራጀት የሞከረውን ምን እንደገጠመው ታሪክ ይናገራል። በ1985 ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረሩ። ከእነርሱ አንዱ፣ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ሊቀ መንበር ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት፣ ከ1988 እስከ 1994 ታሰሩ። የማኅበሩ ባልደረባ አሰፋ ማሩ በ1989 በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የመንግሥት ወንበር በ2010 ተገለባበጠ፤ ልማዱ ግን ከወንበሩ ጋር አልሄደም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ ምላሹ ማስጠንቀቂያና እስር ሆነ።

«ሐኪም ሥራ ካቆመ ሕመምተኛ ይሞታል» የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅትም እንደ ሆስፒታል ባሉ አስፈላጊ አገልግሎቶች ሥራ ማቆም ሊገደብ እንደሚችል ይቀበላል። ነገር ግን ሥራ ማቆምን መገደብ አንድ ነገር ነው፤ መደራጀትን መንፈግ ሌላ። ኢትዮጵያ በ1955 ያጸደቀችው ስምምነት ቁጥር 87 መንግሥታት በብሔራዊ ሕጋቸው እንዲወስኑባቸው የተዋቸው ጦር ሠራዊትንና ፖሊስን ብቻ ነው። መምህር ወታደር አይደለም፤ አዋላጅ ነርስም ፖሊስ አይደለችም።

ቢቸናንና ሞጣን የመረጥሁት በከንቱ አይደለም። የግብርና ገቢ ግብር በ1960 በታወጀ ጊዜ፣ ያልተማከረው የሁለቱ አውራጃዎች ገበሬ ርስቴን ሊወስዱ ነው ብሎ አመፀ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦርና አውሮፕላን ላኩ፤ ኋላ ግን አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አንሥተው፣ ውዝፉን ምረው ተመለሱ። ጠመንጃን ለማወደስ አላነሣሁትም፤ ጎጃም ዛሬም በጠመንጃ ምን እያጣ እንደሆነ አውቃለሁ። ቁም ነገሩ መንግሥት መጀመሪያ ሊያዳምጠው የሚገባውን ከደም በኋላ መስማቱ ነው። ማኅበርና ድርድር ለመንግሥትም መድን ናቸው፤ ቅሬታ በጠረጴዛ ዙሪያ ካልተነገረ ሌላ መውጫ ይፈልጋልና።

እንግዲህ ጥያቄው አዲስ መብት ይሰጠን አይደለም። «በሕግ ይወሰናል» የተባለው ይወሰን፤ የሥራ ክርክር ዳኛም ከአሠሪው ይለይ። ሠራተኛውም «ዝም አይነቅዝም» በሚለው ብሂል አይጽናና። ዝምታ አይነቅዝ ይሆናል፤ ደመወዝ ግን ይነቅዛል።

ልብ ያለው ልብ ይበል።