ቁማርን መሸሽ ፍርሃት ነውን?

በ2011 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጧት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄጄ ከጠያቂዎች ሰልፍ ገባሁ። ስንቅ የያዙ እናቶች ይበዙበት ነበር። አንድ ሎተሪ አዟሪ ልጅ በሰልፉ ጎን ሲያልፍ ከፊቴ የቆሙትን ሴትዮ «እማማ፣ ዕድልዎን ይሞክሩ» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ይህቺ አሥር ብር የመመለሻዬ ናት» አሉት። ከኋላዬ የነበረው ጎረምሳ ግን ሁለት ቆረጠ።

ስለ ቁማር በተነሣ ቁጥር እኒያ ሴትዮ ትዝ ይሉኛል። እኛ ተምረናል ባዮች ቁማርን ለሚሸሽ ሰው ያለን ስም ሁለት ብቻ ነው፤ ከተሜ ሲሆን ጨዋ፣ ባላገር ሲሆን ፈሪ። ማዳበሪያ በዱቤ ውሰድ ሲባል የሚያመነታውን ገበሬ «ለውጥ የማይወድ» እያልን ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ሞልተናል!

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዳንኤል በርኑሊ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1738 እ.ኤ.አ. እንዲህ ሲል ጠየቀ። አንድ ድኻ ወይ ሃያ ሺህ ዱካት ወይ ባዶ የሚያወጣ፣ ዕድሉም እኩል የሆነ የሎተሪ ወረቀት ቢያገኝና በዘጠኝ ሺህ ሽጥልኝ ቢባል፣ መሸጡ ሞኝነት ነውን? በሒሳብ ቢሰላ ወረቀቱ አሥር ሺህ ያወጣል። በርኑሊ ግን ድኻው ቢሸጥ አልተሳሳተም፣ ሀብታሙም በዚያው ዋጋ ቢገዛ አልተሳሳተም አለ፤ ያው ገንዘብ በሁለቱ እጅ ክብደቱ አንድ አይደለምና። በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ማጣት ከማግኘት ይልቅ ልብን እንደሚጎዳ አስረዱ። በዘውድና ጎፈር መቶ ብር አስይዝ የተባለ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት መቶ ያህል ካልተባለለት እሺ አይልም።

ይህ የፈረንጅ ጠባይ ነው የሚል ቢኖር ወደ አማራ ክልል ደጋ ይውጣ። ማህሙድ የሱፍና ራንዳል ብለፍስቶን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ገበሬዎችን ዕጣ እያስመረጡ መረመሩ። ጥንቃቄው ብርቱ ነበር፤ በዕጣው ላይ መክሰር ሲጨመርበት ደግሞ ባሰ። ሀብት ያለው ግን ከድኻው ይልቅ ደፈረ። እንግዲህ ገበሬው የሚያመነታው ጎተራውን አይቶ ነው። ዝናብ ቢቀርና ዕዳው ቢቀርበት በሬውን እንደሚሸጥ እርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

ታዲያ ጎረምሳውስ? እነዚያው ሊቃውንት ሰው ቁርጥ ያለ ኪሣራ ሲጋረጥበት ከመቀበል ይልቅ መሞከርን እንደሚመርጥ አሳይተዋል። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ወጣት ዛሬ የቆመበትን ቦታ እንደ ኪሣራ ይቈጥረዋል ብዬ አምናለሁ፤ በኳስ ውርርድ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ስናየው ግን ግብረ ገብ እናስተምረዋለን። (እኔም በሁለተኛ ዓመቴ የኪስ ገንዘቤን በእንግሊዝ ኳስ የበላሁ ነኝና ስብከቱን አልችልበትም።)

ዕጣ የሚባለውን ሁሉ የሚጠላ ሰው ግን አላየሁም። ዕቁብን ተመልከቱ፤ ዕጣ ይወጣል፣ ልብም ይመታል፣ ዳኛው ጨዋ ከሆነ ግን ዕጣው የሚወስነው መቼ እንደሚደርስህ ብቻ ነው፤ የጣልከው አይቀርብህም።

ተራችን እስኪደርስ እኒያ ሴትዮ ስለ ዕቁባቸው ያጫውቱን ነበር። ዕጣው ገና አልወጣላቸውም፤ ያልደረሳቸው አምስት ሰዎች ቀርተዋል። ምንም አልተጨነቁም።