ስምጥ ሸለቆ ላይ ተቀምጦ ስምጥ ሸለቆን መሸምደድ

በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ አካባቢ፣ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተሰነጠቀች። በሳምንታት ውስጥ ሁለቱ ወገን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ተመራማሪዎች ከባሕር ማዶ ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። የደሴ ወይም የጎንደር ተማሪ ግን ስምጥ ሸለቆን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ንድፍ ነው፤ ሦስት ቀስት፣ ሦስት ስም፦ ኑቢያ፣ ሶማሊያ፣ ዓረቢያ። ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል።

"ወስደው አያሳዩትም ወይ?" ማለት ቀላል ነው። የአውቶቡስ ኪራዩ፣ አበሉ፣ የዳናኪል ሙቀትና የጸጥታው ነገር ሲደመር፣ 60 ልጅ ይዞ ኤርታሌ የሚወጣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል?

በስክሪን መውሰድ ግን ይቻላል። አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ይበቃል፤ ዓይን ላይ የሚደረገው ውድ መነጽር የግድ አይደለም። መምህሩ ጎግል ኧርዝን ከፍቶ ጠቋሚውን የዳናኪል ጨው ሜዳ ላይ ሲያሳርፍ ከፍታው በነጌቲቭ ይጻፋል፤ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ። ያቺ የነጌቲቭ ምልክት ብቻዋን የአንድ ክፍለ ጊዜ ጥያቄ ታስነሳለች። ባሕሩ ቅርብ ሆኖ ለምን አልሞላውም? ጨውስ ከየት መጣ?

ፕላዝማን የሚያስታውስ ሰው ይህን ሲሰማ ቢስቅ አይፈረድበትም። ቴሌቪዥኑ በራሱ ፍጥነት ይሮጣል፣ መምህሩ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። የፕላዝማ ትልቁ ጥፋት ግን ስክሪን መሆኑ አልነበረም፤ "ቆይ እስቲ" የሚባል አለመሆኑ ነው። እዚህ ግን ማቆሚያው በመምህሩ እጅ ነው። የቀዘቀዘው ላቫ እንደ ገመድ የተጠማዘዘበት ቦታ ላይ አቁሞ "ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?" ሊል ይችላል። ቪዲዮው ቀድሞ በፍላሽ ከተጫነ ኔትወርክ ቢጠፋም ችግር የለውም።

በእርግጥ ስክሪን ድንጋይ አያስጨብጥም። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር የማይርቀውን የቢሾፍቱን የእሳተ ገሞራ ሐይቅ በቪዲዮ ብቻ አሳይቶ "ጉብኝት ተካሂዷል" ብሎ ሪፖርት መጻፍ ስንፍና ነው። የሚቀርበው በእግርና በአውቶቡስ፣ የማይደረሰው በስክሪን ይሁን።

ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ህንድ ሰማይ ደረሰ። የሳተላይት ምስሉ ወዲያው በየስልኩ ዞረ፣ በነጻ። ሰኞ ጠዋት ስንት የጂኦግራፊ ክፍል በዚያ ምስል ጀመረ? ምስሉ ዛሬም አለ፤ የሚቀጥለው ሰኞም ይመጣል።