በስህተት ላይ የቆመ እምቢታ

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. ነው። አንድ ምሽት ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። የ12 ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጥታለች። ወረቀቱ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት እንደሚሰጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገልጽና ከግርጌው ለወላጅ ፊርማ የሚሆን ባዶ ቦታ ይተዋል። ሌላ ማብራሪያ የለውም።

«ጋሼ፣ አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። «መሥሪያ ቤት ያሉት ሁሉ መካን ያደርጋል እያሉ ነው። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ጤነኛ ልጅ ይዤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ለምን እገባለሁ?»

እህቴ ዲግሪ ያላት፣ በባንክ ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፈች ሴት ናት። «መካን ያደርጋል» ያሏትም ባልደረቦቿ እንደ እሷው የተማሩ ናቸው። አሉባልታ የሚያድረው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቤት ብቻ ነው የምንል ካለን እንታረም።

በሕግ በኩል ያለውን መልስ ነገርኳት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የሐኪም ምርመራ ወይም ሕክምና አልፈልግም የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይኸው አንቀጽ ሁለት ነገሮችን ደግሞ ለይቶ ያስቀምጣል። አንደኛ፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ምርመራን ወይም ክትባትን ግዴታ የሚያደርጉ ሕጎች ቢወጡ ይህ መብት አያግዳቸውም። ሁለተኛ፣ አሳዳሪ ለልጁ ጤና የሚበጅ ሕክምና እንዲደረግለት የማድረግ ሥልጣኑ እንደተጠበቀ ነው። ወረቀቱ የወላጅን ፊርማ የሚጠይቅ ስለሆነ እህቴ እምቢ ማለት ትችላለች። የወላጅ ሥልጣን የተሰጠው ግን ለልጁ ጥቅም እንጂ ወላጁ ፍርሃቱን እንዲያስታግስበት አይደለም።

ይህን ከነገርኳት በኋላ እኔው ራሴ መልሱ አልጣመኝም። በውል ሕግ ትምህርት መጀመሪያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ፣ በስህተት፣ በተንኮል ወይም በኃይል የተገኘ ፈቃድ ጉድለት ያለበት ፈቃድ መሆኑ ነው። ታዲያ በስህተት ላይ የቆመ እምቢታስ ምን ሊባል ነው? ያልተነገረውን ነገር እምቢ ያለ ሰው መብቱን ተጠቀመ ይባላል ወይስ መብቱን ተቀማ? እህቴ የሚያስፈልጋት ጠበቃ እንዳልሆነ ገባኝ። በማግስቱ ለዓመታት ቤተሰባችንን ወደሚያክሙት አዛውንት ሐኪም ይዣት ሄድኩ።

ሐኪሙ «አስከትቢ» ብለው አልጀመሩም። «መጀመሪያ የሰማሽውን ንገሪኝ» አሏት። ነገረቻቸው። ሳያቋርጡ ሰሙና ማስረዳት ጀመሩ። ካንሰሩ የሚመጣው ኤችፒቪ በሚባል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ ከብዙዎቹም በራሱ ይጠፋል። በአንዳንዶቹ ሴቶች ላይ ግን ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና ወደ ካንሰር ይለወጣል። ክትባቱ የሚጠቅመው ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ይሰጣል። «ልጅሽን ስለጠረጠርናት አይደለም፤ ቀድመን ለመድረስ ነው» አሏት።

ወደ መካንነቱም መጡ። ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለውም፤ የቫይረሱን ውጫዊ ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ልጃገረዶች ከወሰዱት በኋላ በተደረጉ የዓመታት ክትትሎች ከመካንነት ጋር የሚያያይዘው ነገር አልተገኘም። «ሴትን መውለድ የሚነሳት ራሱ ካንሰሩ ነው። ሲብስ ማህፀን ይወጣል፣ ጨረር ይሰጣል። አንቺ የፈራሽው ነገር ክትባቱ ውስጥ ሳይሆን በሽታው ውስጥ ነው ያለው» አሏት።

ቀጥለው ያልጠየቀቻቸውን ነገሯት። ክንዷን ያማታል፤ ትንሽ ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ሊኖራት ይችላል፤ አንዳንድ ልጆች መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን ስለሚስቱ ከተከተበች በኋላ ለ15 ደቂቃ ያህል ቁጭ ትበል። ከባድ አለርጂ እጅግ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች ስለማይከላከል፣ ልጅቷ ስታድግ መመርመሯ አይቀርም። በመጨረሻም «ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ምክሬ ግን አስከትቢያት ነው» ብለው ዘጉ።

ይህን ሁሉ ለማለት የፈጀባቸው ግማሽ ሰዓት ነው። ምክር ማለት ይህ ነው። እውነቱን ከነጉድለቱ ተናግሮ፣ የራስን አቋም ሳይደብቁ፣ ውሳኔውን ለባለቤቱ መተው።

የሐኪሙን ቃል የሚያጠናክር ማስረጃም ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ የስዊድን ጥናት፣ 17 ዓመት ሳይሞላቸው በተከተቡ ሴቶች ላይ የማህፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ ገደማ ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። በእኛ አገር ይህ ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ነው። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጆች በሁለት ዙር መሰጠት ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ዙርም በቂ ነው ካለ በኋላ በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች አንድ አንድ ጊዜ ተሰጠ።

አሉባልታውን ንቆ ማለፍ የሚያስከፍለውን ዋጋም እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ ካኖ ግዛት የፖሊዮ ክትባት መካን ያደርጋል ተብሎ ለወራት ተቋረጠ። ወሬው ያው የእህቴ መሥሪያ ቤት ወሬ ነው። ቫይረሱ ከናይጄሪያ ተነስቶ አገር ከአገር እየዘለለ በሱዳን በኩል መጣና፣ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ በበሽታው የተያዘ ሕፃን አገኘች። ካኖ ላይ የተወራ ወሬ የእኛን ልጅ እግር ቀማ ማለት ነው።

ችግሩ ሁሉ አሉባልታ ነው እያልኩ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን አሟልተው የወሰዱት 43 በመቶ ብቻ እንደሆኑ፣ 19 በመቶዎቹም አንድም እንዳልወሰዱ አሳይቷል። አዲስ አበባ ላይ 83 በመቶ የደረሰው ሽፋን አፋር ላይ 20 በመቶ ነበር። የአፋሯ እናት የራቃት ጤና ጣቢያው ነው፤ ለእሷ የሚያስፈልገው መንገድ፣ ማቀዝቀዣና ባለሙያ ነው። እኛ ከተሜዎቹ ግን ክትባቱ ደጃችን ድረስ መጥቶ በወሬ የምንመልስ ከሆነ ምክንያት የለንም።

እርግጥ ነው፣ ግማሽ ሰዓት የሚሰጥ ሐኪም ያለው ስንቱ ነው? የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ገና ብዙ ዓመት አልሆነውም። የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ «የቤተሰብ ሐኪም» ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እሷ ደግሞ ስንት ሰው እንደከተበች እንጂ ስንት ሰው እንዳስረዳች አትጠየቅም። ሪፖርቱ ቁጥር ይፈልጋል፤ እናቶች ደግሞ መልስ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ወደ ወላጅ የሚላከው ወረቀት ክትባቱ ምን እንደሆነ፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችልና ጥያቄ ያለው ወላጅ ማንን እንደሚጠይቅ ይጻፍበት። ትምህርት ቤቶች ከዘመቻው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ባለሙያ ጋብዘው ወላጆችን ያናግሩ። ጎጂውን ነገር ከነገርናቸው ይሸሻሉ የሚለው ሥጋት ተቃራኒውን ያመጣል፤ የተደበቀ ትኩሳት ነገ «ይኸው መርዝ ነው» ያሰኛል። እኛም በየቢሮው ያገኘነውን ወሬ ከማዛመታችን በፊት አንድ ሐኪም እንጠይቅ።

እህቴ ፈረመች፤ ልጅቷም ተከተበች። በማግስቱ ክንዷን አሟት ዋለች። እንደሚያማት አስቀድሞ ተነግሯት ስለነበር ግን እናቷ አልደነገጠችም፤ ለባልደረቦቿም የነገረቻቸው ሐኪሙ ያሏትን ነው። ከመካከላቸው ሁለቱ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥተው ፈርመዋል ብላኛለች።